ዩዋን ማክግሬጎር፦ አጠገቡ የቆመ ሁሉ የሚታጭበት የስኮትላንድ ተዋናይ

ማታ ማታ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የዩዋን ማክግሬጎርን ሥራ ለዓመታት ተከታትያለሁ። ስለ እርሱ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ግን በበቂ ሁኔታ ተነሥቶ ያላየሁት አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው እስካሁን አንድም ጊዜ ለኦስካር አልታጨም። አጠገቡ የሚቆሙት ግን ይታጫሉ፤ ይሸለማሉም።

ብሬንዳ ብሌቲን በ1998 ዓ.ም. (የምጽፈው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከእርሱ ጋር በሠራችው «ሊትል ቮይስ» ታጨች። በ2001 በ«ሙላን ሩዥ» ኒኮል ኪድማን ታጨች። በ2012 በ«ዘ ኢምፖሲብል» የሚስቱን ቦታ የተጫወተችው ኔኦሚ ዋትስ ታጨች። በቀጣዩ ዓመት በ«ኦገስት፦ ኦሴጅ ካውንቲ» ሜሪል ስትሪፕና ጁልያ ሮበርትስ ሁለቱም ታጩ። አንጋፋው ክሪስቶፈር ፕላመር ደግሞ በ«ቢጊነርስ» የማክግሬጎርን አባት ተጫውቶ በ82 ዓመቱ ሽልማቱን ወሰደ። ፕላመር በዚያ ምሽት መድረክ ላይ ቆሞ ማክግሬጎርን ድንቅ የጥበብ ሰው ብሎ ጠራው፤ ይሉኝታ ቢኖረኝ ሽልማቱን በደስታ አካፍለው ነበር እስከማለትም ደረሰ። አዳራሹ ሣቀ። እኔ ግን ቃሉን የምወስደው እንደ ምስክርነት ነው። ከተዋናይ በላይ የተዋናይን ሥራ የሚያውቅ ማን አለ?

ሁለገብ ተዋናይ ስንል ብዙ ጊዜ መልኩን፣ ኪሎውን፣ ድምፁን የሚለዋውጠውን ነው የምናስበው። ማክግሬጎርም ይህን አድርጓል። 1996ን ብቻ እንኳ ተመልከቱ። በ«ትሬይንስፖቲንግ» ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ የሄሮይን ሱሰኛውን ሬንተንን ሆነ። በ«ኤማ» የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ጨዋ ልጅ ሆኖ ቀረበ። በ«ብራስድ ኦፍ» የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ሊዘጋበት የተቃረበ የዮርክሻየር ወጣት ሆኖ በመንደሩ የነሐስ ባንድ ውስጥ ተጫወተ። በፒተር ግሪናዌይ «ዘ ፒሎው ቡክ» ደግሞ ገላው ላይ ጽሑፍ የሚጻፍበት ተርጓሚ ነበር። አራቱም በአንድ ዓመት ለተመልካች የደረሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ቢሆንም የእርሱ ሁለገብነት ምንጩ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ማክግሬጎር ያዳምጣል። ካሜራው ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሌላው ሰው የተናገረው ቃል እየገባው ሲሄድ እናያለን። ለዚህም ነው ከአልጋ ቁራኛ አባትም፣ ከዘፋኝ ፍቅረኛም፣ በኮምፒውተር ከተሠራ ፍጡርም ጋር ቢያቆሙት ትዕይንቱ የማይሞተው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

የመጨረሻው ረድፍ

ወንድሜ ማታ ማታ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም።

ሜሪል ስትሪፕ ለመታጨት የማክግሬጎርን ማዳመጥ አትፈልግም። ግድግዳ አጠገብ ብትቆምም ትታጫለች። ኪድማንም በዚያ ዓመት በሙያዋ ጫፍ ላይ ነበረች። የታጩትን ብቻ መርጠን ከቆጠርን ማንኛውንም ብዙ ፊልም የሠራ ሰው እንዲህ ማሞገስ ይቻላል። ማንም ያልታጨባቸውስ የት ሄዱ? «ጃክ ዘ ጃይንት ስሌየር»ን ማን ያስታውሰዋል? «ሞርትዴካይ»ንስ? ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ ራሱ የተወነበት የ2016ቱ «አሜሪካን ፓስቶራል» የፊሊፕ ሮዝን ታላቅ ልብ ወለድ ይዞ እንኳ መነሣት አልቻለም።

ሁለገብነት ለእኔ መጥፋት ነው፤ ተዋናዩ ጠፍቶ ገጸ ባሕርይው ብቻ ሲቀር። ከስኮትላንድ ምሳሌ ከተፈለገ ሮበርት ካርላይል አለ። በዚያው በ«ትሬይንስፖቲንግ» ቤግቢ የተባለውን ጠበኛ ሲጫወት ሰውነታችን ይሸማቀቃል። በቀጣዩ ዓመት በ«ዘ ፉል ሞንቲ» ሥራ የፈታ፣ ልጁን ላለማጣት የሚታገል የሼፊልድ አባት ሆኖ መጣ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማመን ያዳግታል። ማክግሬጎር ግን የትም ቢሄድ ያ ፈገግታው አብሮት አለ። ፈገግታው ደስ ይላል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ደስ የሚል ሰው መሆንና ሁለገብ ተዋናይ መሆን የተለያዩ ናቸው።

---

ከግላስጎው

እኔ የምኖረው ስኮትላንድ ስለሆነ ስለ ሰውየው መነሻ ትንሽ ልጨምር። ካላወቅነው ሁለታችሁም የምትሉትን መመዘን ይከብዳል።

ማክግሬጎር መጋቢት 31 ቀን 1971 ፐርዝ ከተማ ተወለደ። ያደገው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በደጋማው የስኮትላንድ ክፍል ጠርዝ ላይ በምትገኘው ትንሿ ክሪፍ ነው። እናቱም አባቱም መምህራን ነበሩ። እናቱ ክሪፍን ለቆ ለንደን ገብቶ ተዋናይ የሆነ ወንድም አላት፤ ዴኒስ ሎውሰን ይባላል። የመጀመሪያዎቹን የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች ያያችሁ ዌጅ የተባለው አብራሪ እርሱ ነው። እንግዲህ በትንሽ ከተማ ውስጥ ላደገ ልጅ ተዋናይነት በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይ ተረት አልነበረም። ለበዓል ቤት የሚመጣ አጎቱ ነበር።

በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ወላጆቹ አልከለከሉትም። ሁለት መምህራን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሲያስወጡ አስቡት፤ በእኛ ቤት ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወዲያው ፐርዝ ቴአትር ገብቶ የመድረክ ዕቃ የሚያነሣና የሚጥል ሠራተኛ ሆነ። ከዚያ በከርኮዲ የአንድ ዓመት የድራማ ትምህርት ወሰደ፤ ቀጥሎ ለንደን የሚገኘው ጊልድሆል የተባለው የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ትምህርቱን ሳይጨርስ ዴኒስ ፖተር የጻፈው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ ሆኖ ተመረጠ። ድራማው በ1993 ታየ። በሚቀጥለው ዓመት «ሻሎው ግሬቭ» መጣ፤ ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል፣ ጸሐፊው ጆን ሆጅ፣ ፕሮዲዩሰሩ አንድሩ ማክዶናልድ።

«ትሬይንስፖቲንግ»ም የእነዚህ የሦስቱ ሥራ ነው። ታሪኩ የኤድንብራ ነው፤ ኧርቪን ዌልሽ የጻፈውም ስለዚያች ከተማ ነው። አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው ግን እዚህ ግላስጎው ነው። ተዋናዮቹ ሱሰኝነትን የተማሩት ካልተን አትሌቲክ ከሚባል፣ ከዕፅ ሱስ የተላቀቁ ሰዎች ከመሠረቱት የግላስጎው ማኅበር ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ከእነሬንተን ጋር ኳስ የሚጫወተው ተጋጣሚ ቡድን የእነዚሁ ሰዎች ነው። ማክግሬጎር ለትወናው ሲል ሄሮይን ልሞክር ብሎ አስቦ ነበር። እነርሱን ካየ በኋላ ግን ንቀት ይሆንባቸዋል ብሎ ተወው። በዚህ ውሳኔ ውስጥ ስለ ሰውየው ብዙ ነገር አያለሁ።

እህቴ የመጨረሻው ረድፍ፣ ፈገግታውን በተመለከተ በ2003 የወጣውን «ያንግ አዳም» እንድታዪው እለምንሻለሁ። በግላስጎውና በኤድንብራ መካከል ባለው የውኃ ቦይ ላይ በጀልባ ሥራ የሚኖር ሰው ነው፤ ከቲልዳ ስዊንተንና ከፒተር ሙላን ጋር። በዚያ ፊልም ውስጥ ፈገግታ የለም። ሕሊናው የቀዘቀዘ፣ እውነቱን እያወቀ ሌላው ሲፈረድበት ዝም የሚል ሰው ነው የሚጫወተው።

አንድ ነገር ግን እሰጥሻለሁ። አሜሪካዊ ሆኖ ሲናገር የእኛ አገር አናባቢዎች አልፎ አልፎ ብቅ ይሉበታል። እዚህ ያሉ ሰዎች ወዲያው ይለዩታል። በ«ብላክ ሆክ ዳውን» ላይ በጣም ይሰማል።

---

አዲስ ገቢ

ሰላም። ከዳኒ ቦይል ጋር ለብዙ ዓመታት ተኳርፈው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ምክንያቱ ምን ነበር?

---

ማታ ማታ

እንኳን ደህና መጣህ። ነገሩ «ዘ ቢች» በተባለው የ2000 ፊልም ነው። ማክግሬጎር፣ ቦይል፣ ሆጅና ማክዶናልድ ሦስት ፊልም አብረው ሠርተዋል። ማክግሬጎርም አራተኛውን የራሱ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። የአሜሪካው ስቱዲዮ ገንዘብ ሲመጣ ግን ቦታው ለሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ተሰጠ። «ታይታኒክ» ዓለምን ያጥለቀለቀበት ወቅት ነበር። የጎዳው ሚናውን ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ አነጋገራቸውም ጎዳው። ቦይል ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአግባቡ አልያዝነውም ብሎ ተናግሯል። ከዚያ ታረቁ፤ በ2017 «ቲ ቱ ትሬይንስፖቲንግ»ን ሠሩ። አራቱም ጓደኛሞች፣ ካርላይልም ጭምር፣ ሃያ ዓመት አርጅተው ተመለሱ። ጓደኞቹን ከድቶ የሄደው ሬንተን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲመለስ ስናይ በጀርባው እውነተኛው ታሪክ አለ። ይህን እያወቁ ማየት ፊልሙን ሌላ ያደርገዋል።

---

የመድረክ ሰው

ልጆች፣ ውይይታችሁ ስላስደሰተኝ እኔም ልግባ። ዕድሜዬን በቴአትር ቤት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ።

ከግላስጎው የጻፍሽው ፐርዝ ቴአትርን አንሥተሻል፤ እኔ የዚህን ሰው ቁልፍ የማገኘው እዚያ ነው። ፐርዝ ቴአትር ከ1935 ጀምሮ የራሱ ቋሚ የተዋንያን ቡድን የነበረው ቤት ነው። በዚህ ዓይነት ቤት አንድ ቡድን ለወቅቱ ይቀጠራል፤ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ቴአትር ያወጣል። ዛሬ ማታ አሽከር ሆኖ ትሪ የተሸከመው ተዋናይ በሚቀጥለው ወር ዳኛ ይሆናል፤ ቀን ቀን የሚያጠናው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ሰው ነው። «ይህ ለእኔ አይሆንም» የሚባል ነገር የለም። የመድረክ ዕቃ እያነሣ ይህን ከመጋረጃ ጀርባ ያየ የ16 ዓመት ልጅ ትወናን የሚረዳው እንደ ዕለት ሥራ ነው። ማክግሬጎር ሙዚቃዊም፣ ወንጀልም፣ የሕፃናት ፊልምም ሳይንቅ የሚወስደው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው። እህታችን ስለ ደካማ ፊልሞቹ ያለችው እውነት ነው። የእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ ግን የወደቀውን ቴአትርም እስከ መጨረሻው ምሽት ይጫወተዋል።

ዝናው ጣሪያ በነካበት በ1998 ለንደን ውስጥ ወደሚገኘው ትንሹ ሃምስቴድ ቴአትር ሄዶ በአጎቱ በዴኒስ ሎውሰን አዘጋጅነት ተጫውቷል። በ2005 በፒካዲሊ ቴአትር «ጋይስ ኤንድ ዶልስ» ላይ ዘፈነ። እኔ ግን በተለይ ማንሣት የምፈልገው «ኦቴሎ»ን ነው።

በ2007 መጨረሻ ማይክል ግራንዴጅ በዶንማር ዌርሃውስ አዘጋጀው። ዶንማር ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ አዳራሽ ነው፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው እንኳ የተዋናዩን ላብ ያያል። ኦቴሎን የተጫወተው ከናይጄሪያውያን ወላጆች ለንደን የተወለደው ቹዊተል ኤጂዮፎር ነው። ማክግሬጎር ኦቴሎን በሐሰት አሳምኖ የሚያጠፋውን ወታደር ኢያጎን ሆነ። ካሲዮን የተጫወተው ያኔ ገና ብዙ ያልታወቀው ቶም ሂድልስተን ነበር።

ኢያጎን እኛ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው የምናውቀው። በዚያ ቴአትር ውስጥ ከኦቴሎ የበለጠ የሚናገረው ኢያጎ ነው። ተመልካቹን እንደ ሚስጥረኛው ይይዛል፤ መድረኩን ለመንጠቅ የሚመች ሚና ነው፤ ብዙዎችም ነጥቀውታል። የማክግሬጎርን ኢያጎ ብዙ ተቺዎች አልወደዱትም፤ በቂ ክፋት አላዩበትም። ኤጂዮፎር ግን በዚያ ኦቴሎ የለንደን ቴአትር ትልቁ ሽልማት የሆነውን የ2008ን የኦሊቪየር ሽልማት በምርጥ ተዋናይነት ወሰደ። ማታ ማታ ያልከው ነገር እዚህም ይሠራል ማለት ነው። ክፉ መሆኑን ፊቱ ላይ የጻፈ ኢያጎ ኦቴሎን ሞኝ ያደርገዋል። የሚወደድ፣ የሚታመን፣ ደስ የሚል ወታደር ሲሆን ግን ኦቴሎ ማመኑ ትክክል ይሆናል፤ ውድቀቱም የታላቅ ሰው ውድቀት ይሆናል። የመጨረሻው ረድፍ የነቀፍሽው ያ ፈገግታ እዚያ መሣሪያ ነበር።

---

የመጨረሻው ረድፍ

ጋሼ፣ አክብሮቴ የላቀ ነው። ስለ ኢያጎ ያሉትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሆኖም ተቺዎቹ ያዩትንም አንርሳ። ኢያጎ ቴአትሩን የሚያሽከረክረው ሞተር ነው። ሞተሩ ለስለስ ካለ ሌላው ቢያበራም ቴአትሩ ይጎድላል። ለባልደረባ ቦታ መስጠት መልካም ነው፤ ያ ቦታ ግን የኢያጎ ነበር።

---

ሰማያዊ ብርሃን

ስለ «ስታር ዋርስ» ማንም በደንብ ሳይናገር ገጹ ሊሞላ ነው! እኛ በ1999፣ በ2002ና በ2005 በወጡት ሦስት ፊልሞች ያደግን ልጆች ማክግሬጎርን የምናውቀው በኦቢ ዋን ኬኖቢነት ነው፤ ትልቁን ሙግትም እዚያ ነው የማገኘው።

አስቡት። በ1977 አሌክ ጊነስ ሽማግሌ ሆኖ የተጫወተው ገጸ ባሕርይ አለ። ተመልካቹ ድምፁን፣ አረማመዱን፣ ትዕግሥቱን ያውቃል። ማክግሬጎር የዚያን ሰው ወጣትነት እንዲጫወት ተጠየቀ። የጊነስን የድሮ ፊልሞች እያየ ድምፁን አጠና። ወጣቱ ኦቢ ዋን በሦስቱ ፊልሞች ውስጥ ቀስ በቀስ ወደዚያ ሽማግሌ ሲቀርብ ይሰማል። አንዱን ሰው መምሰል ከባድ ነው፤ ገና ያልሆነውን ያን ሰው መምሰል ግን እጅግ የከበደ ነው።

ያን ሁሉ ያደረገው ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ቆሞ ነው። በተለይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊልም ላይ ከተማውም፣ ፍጡሩም፣ ሠራዊቱም በኋላ በኮምፒውተር የሚጨመር ነበር። አሰልቺ እንደነበር እርሱም አልደበቀም። ፊልሞቹ ሲወጡ በተቺዎች ክፉኛ ተመቱ፤ ንግግሩ ደረቅ ነው ተባለ። በሦስተኛው መጨረሻ ግን እንደ ወንድም ያሳደገውን አናኪንን ጥሎ ሲሄድ የሚናገረው ንግግር ያን ሁሉ ጨርቅ ያስረሳል። በ2022 የኦቢ ዋን ተከታታይ ድራማ ሲመጣ አናኪንን ከተጫወተው ከሃይደን ክሪስተንሰን ጋር እንደገና ተገናኙ፤ እኛም አድገን ጠበቅናቸው።

በዚያው ተከታታይ ላይ የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ሞዝስ ኢንግራም የዘረኝነት ስድብ በመልእክት ሲጎርፍባት ማክግሬጎር በቪዲዮ ወጥቶ ተናገረ። እንዲህ ዓይነት መልእክት የሚልክ ሰው በእኔ ዘንድ የ«ስታር ዋርስ» ወዳጅ አይደለም አለ። ዋናው ተዋናይ እርሱ ነው፤ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ይህን የማነሣው ማታ ማታ ስለ ባልደረባ ከጻፈው ጋር ስለሚሄድ ነው።

---

አወያይ

ስለ ተዋናዩ ትዳርና ቤተሰብ የተጻፉ ሁለት አስተያየቶችን አንሥቻለሁ። ስለ ሥራው እንወያይ። ቀጥሉ፤ ጥሩ ውይይት ነው።

---

ባለሞተሩ

እኔ ይህን ሰው ያወቅኩት በፊልም አይደለም፤ በሞተር ብስክሌት ነው። ስለ እርሱ ስናወራ ከጓደኛው ከቻርሊ ቡርማን ጋር ያደረጋቸውን ጉዞዎች መተው አይቻልም።

በ2004 ከለንደን ተነሥተው በአውሮፓ፣ በካዛኪስታን፣ በሞንጎልያ፣ በሳይቤርያና በአላስካ አድርገው ኒው ዮርክ ገቡ። በ2007 ደግሞ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከጆን ኦግሮትስ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን ነዱ። ይህኛው መንገድ በሊቢያ፣ በግብፅና በሱዳን አልፎ ኢትዮጵያን ያቋርጣል። ከእኛ አገር ወደ ኬንያ ገብተው ወደ ደቡብ ቀጠሉ። በዚያን ጊዜ ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ገና አስፋልት አላየም ነበር፤ ድንጋይና ኮረት ነው። ከባድ ሞተር ይዞ እዚያ መውጣት የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ሞተር ከአርጀንቲና ደቡብ ጫፍ እስከ ሎስ አንጀለስ የሄዱበትም አለ፤ በ2020 ታየ። በ2025 ደግሞ አውሮፓን በአሮጌ ሞተሮች ዞሩ።

ጉዞው ከትወናው ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ይገናኛል እላለሁ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሲደክመው፣ ሲናደድ፣ ቤቱን ናፍቆ ሲያለቅስ፣ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ይታያል። ብዙ ኮከብ ይህን አያሳይም። በዚያ የ2004 ጉዞ ሞንጎልያ ውስጥ የጭቃውን ብዛት አይቶ መንገድ እንቀይር ያለው እርሱ ነው፤ ካሜራው እየቀረጸ። ራሱን እንዲህ ለእይታ የሚያጋልጥ ሰው ገጸ ባሕርይ ውስጥ ሲገባም አይደበቅም።

በመንገዳቸው ላይ የዩኒሴፍ ሥራዎችን ይጎበኛሉ። ከ2004 ጀምሮ የድርጅቱ አምባሳደር ነው።

---

የጤና ባለሙያ

ባለሞተሩ ካነሣኸው ላይ አንድ ልጨምር። በ2012 ከዩኒሴፍ ጋር ክትባት ተሸክሞ በህንድ፣ በኔፓልና በኮንጎ ብራዛቪል ሩቅ መንደሮች የሄደበት የቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ክትባት ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መድኃኒቱ ይበላሻል። በገጠር ጤና ኬላ የሠራ ሁሉ በረዶ የተሞላውን ሳጥን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ያ ፊልም ይህንን ሥራ እንደ ዋና ታሪክ ያሳያል፤ ታዋቂው ሰው ተሸካሚ ነው፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ መሪዎቹ። እንዲህ ሆኖ ስላየሁት ደስ ብሎኛል።

---

የመጨረሻው ረድፍ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን እኔ ራሴ በጣም ስለምወደው አንድ ሥራው ልናገር፤ ክርክሬም በእርሱ ይጠነክራል።

በ2017 የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማው የ«ፋርጎ» ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ማክግሬጎር ሁለት ወንድማማቾችን ተጫወተ። ኤሚት ታላቁ ነው፤ በሚኔሶታ የመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ንጉሥ የተባለ፣ ጸጉሩ ያማረ፣ ቤቱ ሞቅ ያለ ሀብታም። ሬይ ታናሹ ነው፤ መላጣ፣ ቦርጫም፣ በአመክሮ የተፈቱ ሰዎችን የሚቆጣጠር አነስተኛ ደመወዝተኛ። ልጅ ሆነው የአባታቸውን ውርስ ሲካፈሉ ኤሚት ቴምብሩን፣ ሬይ መኪናውን ያዙ፤ ሬይ ዕድሜውን ሙሉ ተታለልኩ ብሎ ይኖራል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲጨቃጨቁ አንድ ሰው መሆኑን ትረሳላችሁ። ለዚህ በ2018 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተሰጠው።

እንግዲህ ይህ ነው የምፈልገው ማክግሬጎር። በ2021 በ«ሃልስተን» ደግሞ የኒው ዮርኩን የፋሽን ንድፍ ባለሙያ ሆኖ የኤሚ ሽልማት አገኘ፤ ድምፁን፣ አንገቱን፣ የሲጋራ አያያዙን ሳይቀር ቀየረ። ሁለቱም ሥራዎች የተገኙት ቴሌቪዥን ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ሰዓት ሲሰጠው ነው። ፊልም ይህን ዕድል ቀድሞ ሰጥቶት ቢሆን ዛሬ ኦስካር የለውም እያልን አንጽፍም ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ጥፋቱን የምጥለው በመረጣቸው ፊልሞችና በመረጡት ሰዎች ላይ ነው።

---

ማታ ማታ

እህቴ፣ ይህን የመሰለ መልስ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። «ፋርጎ» ላይ ግን እኔ የማየው ሌላ ነው። ኤሚት ሆኖ ሲጫወት ሬይ አጠገቡ የለም፤ ሌላ ሰው ቆሞ ቃሉን ይወረውርለታል። ቢሆንም ኤሚት በታናሽ ወንድሙ ሲያፍርና ሲሳሳለት በአንድ ጊዜ ይታያል። የሚያዳምጠው ገና ያልቀረጸውን፣ ራሱ በኋላ የሚናገረውን ድምፅ ነው።

ለዚህም ነው «ዘ ኢምፖሲብል»ን እንድታዩ የምለምነው። የ2004ቱ ሱናሚ በታይላንድ የበተነው ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባትየው ሚስቱና ትልቁ ልጁ ጠፍተውበታል። ከተረፉት ሰዎች መካከል ተቀምጦ በተውሶ ስልክ ለአማቱ ይደውላል። መናገር ይጀምራል፤ ይሰበራል፤ ስልኩን ይዘጋል። የስልኩ ባለቤት የራሱን ቤተሰብ እየፈለገ ነው፤ ባትሪው ሊያልቅበት ይችላል፤ ግን እንዲህ አድርገህ መተው አትችልም፣ እንደገና ደውል ብሎ ይመልስለታል። ሁለተኛው ጥሪ ላይ እናቲቱንና ልጁን ፈልጌ አገኛለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ያንን ትዕይንት ተዋናይ ለመታየት ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ማክግሬጎር ግን በመስመሩ ጫፍ ያለውን ሽማግሌ ላለማስደንገጥ ሲታገል ነው የተሰበረው። ልዩነቱ ይህ ነው።

---

አዲስ ገቢ

ብዙ ተምሬያለሁ። እኔ ያየሁት «ስታር ዋርስ»ን ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

---

ከግላስጎው

ከ«ሙላን ሩዥ» ጀምር። ፓሪስ፣ 1899 ዓ.ም.፣ ድሃ ጸሐፊና የምሽት ቤት ዘፋኝ። ዘፈኑን ሁሉ ራሱ ነው የዘፈነው። ከዚያ «ቢግ ፊሽ»፤ አባቱ ያጋነነውን ታሪክ ሁሉ ለማመን ለሚቸገር ልጅ የተሠራ የቲም በርተን ፊልም ነው፤ ማክግሬጎር የአባትየውን ወጣትነት ይጫወታል። «ትሬይንስፖቲንግ»ን ለሦስተኛ አድርገው፤ ከባድ ትዕይንቶች ስላሉት ከሕፃናት ጋር አትየው። ፖለቲካዊ ጥርጣሬ የምትወድ ከሆነ የ2010ሩ «ዘ ጎስት ራይተር» አለ፤ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ፣ እስከ መጨረሻው ስሙ የማይጠራ ሰው ሆኖ የአውሮፓ ፊልም ሽልማትን ያገኘበት ነው።

---

የመድረክ ሰው

እኔ ደግሞ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጥቆማ ልስጥ። የዶንማሩ «ኦቴሎ» በፊልም አልወጣም፤ ነገር ግን እነዚያው ተዋንያን በ2008 ለቢቢሲ ሬዲዮ 3 ቀርጸውታል፤ በሲዲም ወጥቷል። የጸጋዬን ትርጉም በእጃችሁ ይዛችሁ አዳምጡት። የመጨረሻው ረድፍ፣ በተለይ አንቺ ሦስተኛውን ገቢር ስሚው፤ ኢያጎ መሐረቡን ከማግኘቱ በፊት ኦቴሎን የሚያናግርበትን። ፊቱን ሳታዪ ድምፁን ብቻ ስትሰሚ ሞተሩ ለስልሷል ወይስ አልለሰለሰም የሚለውን ራስሽ ትፈርጃለሽ። አስተያየትሽን እዚሁ ጻፊልን።

---

የመጨረሻው ረድፍ

እሺ ጋሼ፣ እፈልገዋለሁ። «ያንግ አዳም»ንም ጨምሬ።